አሶሳ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር

ከአዲስ አበባ ተነስተን በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርገን አሶሳ የገባነው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ነው። ወሩ ሚያዝያ ነበር። የበርታዎች አገር በዚህ ወቅት ማንጎ በማንጎ ይሆናል። በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳር፣ በመስጊድ አጥር ጥግ ሳይቀር ዛፉ ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ከሥሩ ግን የወደቀው በዝንብ ተወርሮ ይበሰብሳል። «ሁሉም ያለውን ነገር ማን ይገዛል?» አሉን ያረፍንበት ቤት እናት። አላህ የሰጠው ሪዝቅ እግር ሥር ሲባክን ማየት ያሳዝናል።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ባለች መንደር ወደሚሰጥ ሥልጠና ሄድን። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለን ስንገባ እናቶችና ወጣቶች ማንጎ እያጠቡ ነበር። የዕለቱ ትምህርት ማርማላታ ነው። የተፈጨው ፍሬ ከስኳርና ከሎሚ ጭማቂ ጋር እስኪወፍር ይፈላል፤ ከዚያም በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን ይታሸጋል።

አንዲት አዛውንት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይህንን አምናም ተምረናል። የሰጣችሁን ጠርሙስ ሲያልቅ ትምህርቱም አብሮ አለቀ። ስኳሩስ በምን ይገዛል?»

ዳሱ ጸጥ አለ። አሠልጣኟ ጥቂት አሰበችና «እውነትዎን ነው እናቴ፤ እንግዲያው ባለን ነገር እንጀምር» ብላ ቢላዋ አነሳች።

የበሰለ ግን ያልላመ ማንጎ ተመረጠ። ተልጦ በስሱ ተከተፈ፣ ሎሚ ተነከረ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ተሰጥቶ ዝንብ እንዳይነካው በስስ ሻሽ ተሸፈነ። የበሰለ ማንጎ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ሻጋታ ደግሞ ያለ እርጥበት አያድግም። በደንብ የደረቀ ቁራጭ ሲታጠፍ አይሰበርም፣ ሲጨመቅም ውሃ አይወጣውም። ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ ከ10 ኪሎ ማንጎ የሚገኘው ደረቅ ከ1 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። ነገር ግን በመጣንበት ረጅም መንገድ ሳይበላሽ የሚጓዘው ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሁሉም ተሯሩጦ ቆጡን ወደ ቤት አስገባ። ቀደም ሲል ዝናብ ያገኘው አንድ ሰፌድ ሻግቶ ስለነበር አሠልጣኟ «ይህ ለሰው አይሸጥም» ብላ ደፋችው። ሥራው ክረምቱ ሳይገባ፣ ከመጀመሪያው ፍሬ መጀመር እንዳለበት ሁላችንም ያን ጊዜ ገባን።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ወጣቶች! በየአካባቢያችሁ የሚባክን ቲማቲም፣ ሙዝ ወይም ጓያባ ይኖር ይሆናል። ሙያ ከመማራችሁ በፊት ዕቃው ከየት ይመጣል፣ ወጪው ስንት ነው፣ ገዢው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የአዛውንቷ ጥያቄ ከሥልጠናው ሁሉ በለጠብን።

ስንሰናበት እኒያ እናት በወረቀት የጠቀለሉትን ደረቅ ማንጎ ሰጡን። «ለረመዳን አስቀምጡት፤ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አፍጥሩበት» አሉን። አላህ በእጃቸው ሥራ በረካ ያድርግላቸው።