ጋራዥ ውስጥ ያረፈው እንግዳ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሚኖር አንድ የታክሲ ሾፌር አለ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከቤቱ ጀርባ ራሱ የቆፈረው 6,000 ሊትር ውሃ የሚይዝ ኩሬ አለው። ኩሬው ውስጥ ኮይ የሚባሉትን ባለቀለም የጃፓን ዓሣዎች ያረባል። ኮይ ስሙ እንግዳ ይሁን እንጂ ዘሩ ካርፕ ነው፤ ከውጭ መጥቶ ዝዋይ ሐይቅን የለመደው ካርፕ ዘመዱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ስምንት ዓሣ ነበረው። በግንቦት ወር ዘጠነኛ ገዝቶ መጣ። ከነፕላስቲኩ ሃያ ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፈፈውና ሙቀቱ ሲመጣጠን ለቀቀው። የሚያውቀው ጥንቃቄ ይኸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዓሣዎቹ ምግብ እምቢ አሉ፣ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ጎደጎደ፣ ቀዩ መተንፈሻቸው ነጭ በነጭ እየሆነ በሰበሰ። በስድስት ቀን ውስጥ ሰባቱ አለቁ። የተረፉት ልጁ “ብርቱካን” ያለቻት አሮጊት ዓሣና በኋላ የመጣው እንግዳ ራሱ ናቸው።

ከሞቱት አንዱን በበረዶ አሽጎ ላቦራቶሪ ላከ። የመጣው መልስ ኮይ ኸርፒስ ቫይረስ የሚል ነበር። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1998 እስራኤልና አሜሪካ ውስጥ የታየ ነው። በ2003 ጃፓን፣ ካሱሚጋውራ ሐይቅ ላይ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ካርፕ ጨርሷል። ሰውን አይነካም። መድኃኒት ግን የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከበሽታው የተረፈ ዓሣ ድኖ፣ ወፍሮ፣ አምሮበት፣ ቫይረሱን በውስጡ ተሸክሞ ዕድሜውን ሊኖር መቻሉ ነው።

ሰውየው ይህን ለማንም አልተናገረም። የጠየቀውን ሁሉ “ሸጥኳቸው” አለ። ዓሣ አለቀብኝ ብሎ ማውራት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለዓመታት “ባለ ኩሬው” እየተባለ ለኖረ ሰው እንደዚያ አይደለም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጋሼ ደወሉለት። ቤታቸውን ሸጠው ቴክሳስ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። ገዢው ኩሬውን በአፈር ሊደፍነው አስቧል። “አንድ ዓሣ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላመመውም። ካንተ ሌላ የማምነው ሰው የለም” አሉት።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባለው ነገር መጣ። “ጋሼ፣ ኩሬዬ በሽተኛ ነው” ማለት ነበረበት። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ እመጣለሁ” አለ።

“አላመመውም” የሚለው ቃል ነበር እንቅልፍ የነሳው። ሽማግሌው ለምስጋና የተናገሩት ነው። እሱ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ ያልታመመ ዓሣ በሽታውን አያውቀውም፣ መከላከያም የለውም። ለይቶ ማቆያ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቤቱን ከእንግዳው መጠበቅን ነው። በ2012 ዓ.ም. ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ 14 ቀን ሲቆዩ፣ አንዳንዱ ሰው እንዴት ያያቸው እንደነበር አይረሳም። ተጠርጣሪው ሁልጊዜ መጪው ነው። እዚህ ቤት ግን ተጠርጣሪው ባለቤቱ ነበር።

ስለዚህ ዓሣው ጋራዥ ገባ። ሰውየው 1,000 ሊትር የሚይዝ የከብት ማጠጫ ገንዳ ገዛ፣ የአየር ፓምፕ ሰካ፣ የተጨነቀ ኮይ ስለሚዘል ላዩን በመረብ ሸፈነ፣ ግማሹን በብርድ ልብስ አጨለመ። በአካባቢው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራሚን ነው፤ እንደ ክሎሪን በባልዲ ቢያድር ተንኖ አይጠፋም፣ ማርከሻ ይፈልጋል። ሦስት ኪሎ ጨው በሁለት ቀን ውስጥ ከፋፍሎ ጨመረ፤ በሊትር ሦስት ግራም መሆኑ ነው። ጨው ተአምር አይሠራም። የኩሬ ዓሣ ሰውነቱ ውስጥ ያለማቋረጥ ውሃ ይሰርጋል፣ እሱም ሲያስወጣ ይውላል፤ ጨው ያንን ድካም ያቀልለታል፣ ያ ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ማጣሪያው ነበር። አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አዲስ ማጣሪያ ላይ የሉም፤ እስኪራቡ ሳምንታት ይፈጃሉ። ሌላው ሰው ከኩሬው ማጣሪያ ቆንጥሮ ያመጣል። እሱ ከዚያ ኩሬ አንዲት ጠብታ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ውሃ ይለካል፣ ይቀዳል፣ ይቀይራል፤ በወጣው ውሃ ልክ ጨው ይመልሳል። መጀመሪያ ጋራዥ፣ ከዚያ ኩሬ፤ በተቃራኒው አይሄድም። መረቡም ባልዲውም ጫማውም ለየብቻ ነው።

ውሃውን በቀን ከአንድ ዲግሪ ባልበለጠ ቀስ እያለ እስከ 22 አሞቀው። ቫይረሱ ከ16 በታች ያንቀላፋል። በኅዳር ብርድ ዓሣን ለይቶ አቆይቶ “ጤነኛ ነው” ማለት ራስን መሸንገል ነው። ጋሼም ቢሆኑ እርግጠኛ የሆኑት በሚያዩት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ዓሣው ገንዳው ሥር ተኛ። ክንፎቹን አጣበቀ፣ ጅራቱ ላይ ቀይ የደም ሥር ወጣ። ሰውየው ምግብ አልሰጠውም፤ የሚበላ ዓሣ አሞኒያ ይጨምራል፣ ማጣሪያውም ገና ነው። ባዶ እጅ ቆሞ ማየት ከሥራው ሁሉ ከበደው። በዘጠነኛው ቀን ዓሣው ወደ ላይ መጥቶ አንድ ፍሬ ምግብ ዋጠ።

ጋሼ እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

“ተላመደ ወይ?”

“ተላምዷል፣ ጋሼ።”

በአምስተኛው እሑድ “ከሌሎቹ ጋር ሲዋኝ ቪዲዮ ላክልኝ፤ ለልጅ ልጆቼ ላሳያቸው” አሉት።

ያን ቀን መረቡን አንስቶ ነበር። አምስት ደቂቃ ብቻ ኩሬው ውስጥ ለቅቆ፣ ቀርጾ ማውጣት። ማን ያውቃል? ገንዳው አጠገብ ሲደርስ ዓሣው ምግብ የመጣለት መስሎት አፉን ከፍቶ ወደ እጁ ቀረበ። ሰውየው መረቡን መሬት አስቀምጦ ደወለ።

ሁሉንም ነገራቸው። ሰባቱን፣ የተረፉትን ሁለቱን፣ “ሸጥኳቸው” ያለውን ውሸት፣ ጋራዡን።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

“ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻህ ነው የያዝከው?”

“አዎ።”

“በል እዚያው ይቆይ። ቪዲዮውንም ከገንዳው ላክልኝ።”

ብርቱካንና ጓደኛዋ ኩሬው ውስጥ ናቸው፤ ኮይ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ስላለው ገና ብዙ ይኖራሉ። እነሱ እስካሉ ድረስ ወደዚያ ውሃ ሌላ ዓሣ አይገባም። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ገንዳ ተተክቷል። ታክሲው ውጭ ያድራል፤ በረዶ በጣለ ማለዳ ሰውየው ሃያ ደቂቃ ቀደም ብሎ ተነስቶ መስታወቱን ይፍቃል።