ሃይላንዱ የማን ነው?

በ2015 ዓ.ም. አራት ሴቶች ሆነን አንድ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። ሦስታችን የአካባቢ ጥናት ማስተርስ ተማሪዎች፣ አራተኛዋ ደግሞ ጋዜጠኝነት ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርን። (ይህን የምትተይበው እሷ ናት። ጥፋቱ የአራታችንም ስለሆነ «እኛ» ብትል አትታዘቧት።) ማታ ማታ ሽንኩርት የምንከትፈው ስለ አየር ንብረት ለውጥ እየተጨቃጨቅን ነበር። እንባችን ከየትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም።

ታዲያ ለአንድ ኮርስ ሕግ መርጣችሁ መርምሩ ተባለ። እኛም ያኔ ይሠራበት የነበረውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ን መረጥን። ነጋሪት ጋዜጣ ገልጦ ያየ ያውቀዋል፤ ግራው ዓምድ አማርኛ ነው፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። እኛ ያነበብነው ቀኙን ብቻ ነው። ለፔፐሩ ይመቻላ! አዋጁ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ይህን አንቀጽ ስናነብ ቲማቲማችን ያለበት ስስ ፌስታል ፊታችን ተቀምጦ ነበር። ሌላው አንቀጽ ደግሞ የየቤቱ ኃላፊ ዳግም ለጥቅም የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ ያዛል።

ሕግ እናክብር አልን። በረንዳው ላይ ሦስት ማዳበሪያ ደረደርን፦ አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለሃይላንድ። (የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ለእኛ ሃይላንድ ነው።) የተለየውን የምናስረክብበት ቦታ ሰፈራችን ውስጥ ብንፈልግ አጣን። ስለዚህ ለቆራሌው ሸጥነው፤ በብሩም ዳቦ ገዛን። ለጎረቤቶቻችን ሳይቀር ስብከት ጀምረን ነበር። እንዴት እንደኮራን አትጠይቁን።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ቆሻሻ የምትሰበስበው የማኅበሩ ሴትዮ እንደ ወትሮዋ አንኳኳች። ማዳበሪያችንን ብድግ አደረገችና እኛን አየችን።

«ልጆቼ፣ ውሃ መጠጣት ተዋችሁ እንዴ?»

በደስታ አብራራንላት። መለየት፣ አዋጅ፣ አካባቢ... ሳትናደድ እስከ መጨረሻው ሰማችን። ከዚያ «እሷ እኮ የእኔ ነበረች» አለች። ሃይላንዷን ማለቷ ነው።

ቁጭ ብላ አስረዳችን። ማኅበራቸው የሚከፈለው ገንዳ ውስጥ ባስገባው ቆሻሻ፣ በሜትር ኪዩብ ነው። ገንዘቡ ለአባላቱ ይከፋፈላል፣ ያውም ዘግይቶ። የዕለት ብሯ፣ የታክሲዋና የልጇ ደብተር የሚወጣው ጋሪው ላይ ለይታ ከምታወጣው ፕላስቲክ ነው። ስትለይ ነው የኖረችው፤ አዋጁን ግን አንብባው አታውቅም። ሒሳቡንም ልብ በሉልን። በሜትር ኪዩብ የሚከፈለው ሰው ቆሻሻ በቀነሰ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል። አዋጁ ለዩ ይላል፣ ክፍያው አብዙ ይላል። እኛ ሦስት ወር ሙሉ ስናነብ ይህ አልታየንም፤ እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በአምስት ደቂቃ ነገረችን።

ልትሄድ ስትነሳ «እኔ መጀመሪያ ቆሼ ነበርኩ» አለች። ከዚያ ጋሪዋን ይዛ ወረደች።

ፔፐራችን ውስጥ ቆሼ ነበረ። «የጉዳይ ጥናት» የሚል ርዕስ ሰጥተነው ነበር። በፈረንሳይ ገንዘብ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ አርሶ አደሮቹ ተቃውመው በወራት ውስጥ እንደተዘጋ ጽፈናል። መኪኖቹ ተመልሰው ቆሼ መጡ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ለጣቢያው አራት ገጽ ሰጥተነዋል። ክምሩ ላይ እየለቀሙ ለሚኖሩት ግማሽ አንቀጽ፣ እሱም «ተግዳሮቶች» በሚለው ንዑስ ርዕስ ሥር።

አራታችንም እጅ ላይ እስክሪብቶ ነበር። ያን ምሽት የት ነበርሽ ብላ የጠየቃት የለችም። ጋዜጠኛዋም ጭምር። ዛሬም ድረስ አልጠየቅናትም።

ፔፐሩን አስተካከልነው፣ ወይም ሞከርን። የመፍትሔ ሐሳባችን «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ» በሚል ይጀምር ነበር (ይህ ሐረግ የሌለበት ፔፐር ካያችሁ ላኩልን)፤ ሰረዝነው። የሜትር ኪዩቡን ነገር በቦታው አስገባን። ሲመለስልን ልክ እዚያ ላይ በቀይ «ምንጭ?» ተብሎ ተጽፎበታል። ቅዳሜ የምትመጣው ሴትዮ ብለን ልንጽፍ ነው? ቢ ፕላስ አገኘን። ከመካከላችን አንዷ የመመረቂያ ርዕሷን ቀይራ ስለ ማኅበራቱ አከፋፈል ሠራች፤ ሌሎቹ ሁለቱ በነበሩበት ቀጠሉ። አንፈርድባቸውም፣ ጊዜው ሄዶባቸው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. 513ን የሚተካ አዲስ አዋጅ ጸደቀ። የተከለከለውን ፌስታል ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። እንዳለቀ ያነበብነው በግራው ዓምድ ነው። ስናነብም መፈለግ የጀመርነው ሌላ ነገር ነበር፦ ይህ ሲለወጥ የማን ዳቦ ይነካል?

ሃይላንዱን አሁን ለብቻው አስረን ቅዳሜ ለእሷ እንሰጣታለን። በዚህ ተገላግለን ነበር፤ ቆራሌው ባይኖር። እሱም ልጆች አሉት። ረቡዕ ረቡዕ በረንዳችን ሥር ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል፤ እኛ መጋረጃውን ስበን እስኪያልፍ ዝም እንላለን።