ከውጭ የማይደወልበት ቁጥር

የባንክ ካርዴን ገልብጣችሁ ብታዩት ከጀርባው ባለ አራት አሃዝ ስልክ ቁጥር አለ። ችግር ሲያጋጥማችሁ ደውሉ ይላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቁጥር ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ለዑምራ መካ ሄጄ ነበር። ከከሚሴ ስንነሳ ኪሴ ውስጥ 200 ዶላር፣ ለውጭ አገር ተብሎ በተሰጠኝ ካርድ ላይ ደግሞ 800 ዶላር ነበረኝ። ሁለት በሬ ተሽጦ የተሞላ ካርድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እኔ ስገዛ ከ130 ብር አልፏል። እንዲህ ሆኖ የተገዛ ዶላር ያሳሳል። ጎረቤቶቻችን “ምን አደከመህ? ብሩን እዚህ ለሰው ስጥና እዚያ በሪያል ተቀበል” ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ጥቁር ገበያ ጉዳት ሳወራ ውዬ ማታ እኔው ላደርገው አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮርቼ ነበር።

መካ በደረስን ማግስት ከአንድ ኤቲኤም 750 ሪያል ጠየቅሁ። ማሽኑ “ሂሳቡ በዶላር ይሁን በሪያል?” አለኝ። ካርዴ የዶላር ነውና በዶላር አልኩት። ተሳሳትኩ። የሳዑዲ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ የታሰረ ስለሆነ 750 ሪያል ማለት 200 ዶላር ነው። በዶላር ይሁን ስትሉ ግን ምንዛሪውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት፣ በራሱ ዋጋ ነው። እኔን 212 ዶላር አስከፈለኝ። ዱባይም ሂዱ ኢስታንቡል፣ እንዲህ ስትጠየቁ ያላችሁበትን አገር ገንዘብ ምረጡ። ይሄ የራሴ አለማወቅ ነው፤ ልለፈው።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ የእናቴ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰበረ። ያ ብቻ ነበር የቀራት። ጥሬ ገንዘቡ ለሆቴል ቀሪ ክፍያና ለምግብ ሄዶ 40 ሪያል ይዤ ፋርማሲ ሮጥኩ። ካርዱ አልሠራም። ልጁ ደግሞ ሞከረው፤ አልሠራም። ወደ ኤቲኤሙ ሄድኩ፤ “ባንክዎን ያነጋግሩ” አለኝ።

ላነጋግር ካርዱን ገለበጥኩት። እዚያ በገዛሁት ሲም ያችን አራት አሃዝ ስደውል በዓረብኛ የተሳሳተ ቁጥር መሆኑ ተነገረኝ። ለካ አጭር ቁጥር የሚሠራው አገር ውስጥ ብቻ ነው! የኢትዮጵያውን ሲሜን ከቦርሳ አውጥቼ ከተትኩት፤ ሮሚንግ ስላላስከፈትኩ ኔትወርክ የለውም። ከተመለስኩ በኋላ እንደተረዳሁት ባንኩ ካርዱ በውጭ አገር ሲንቀሳቀስ አይቶ ተጠራጥሮ ዘግቶታል፤ ባለቤቱ መሆኔን እንዳረጋግጥም የሚስጥር ኮድ ልኮልኛል። ኮዱ የተላከው ኔትወርክ ወደሌለው የኢትዮጵያ ስልኬ ነው።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ “አብሽር፣ እስኪነጋ ምንም አልሆንም” ትለኛለች። ከንፈሯ ግን ደርቆ ውሃ ደጋግማ ትጠይቃለች። ስኳር ያለበት ሰው ቤቱ ያለ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከሚሴ ለወንድሜ ደወልኩ። እሱ ደግሞ ለአንድ ሰው ደወለ፤ ያ ሰው የጨፋ ሮቢት ልጅ ለሆነች፣ መካ ውስጥ በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ደወለላት። አላውቃትም፤ አታውቀኝም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ነበረች፤ አገር ቤት ሥራ ስታጣ ተመልሳ ሄደች። በዚያ ሰዓት ከአሠሪዎቿ ቤት መውጣት ስለማትችል በምታውቀው ባለታክሲ 600 ሪያል ላከችልኝ። ከስልኬ እስከ ገንዘቡ አርባ ደቂቃ ነው የፈጀው። በማግስቱ ወንድሜ ብሩን ለአባቷ ቆጥሮ ሰጠ።

ሕጉ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው አውቃለሁ። ያን ዕለት ማታ ግን እናቴን መርፌዋን ወግቼ ሳስተኛት ስለ ሕጉ አላሰብኩም።

ወንድሜ ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቅርንጫፉም ሄዶ ነበር። “ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ ይፈርም” አሉት። “ባለቤቱ እኮ መካ ነው” አላቸው። “እንግዲያስ ሲመለስ ይምጣ።”

ባንኩ ካርዱን በመዝጋቱ አልወቅሰውም። ሌባ ይዞት ቢሆን ኖሮ አመሰግነው ነበር። የማልረዳው ለውጭ አገር ብሎ የሸጠልኝን ካርድ፣ ከውጭ አገር የምጠራበት መንገድ ሳይሰጠኝ መሸጡን ነው። በ+251 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር ካርዱ ላይ ማተም፣ ኮዱን በኢሜይል ወይም በመተግበሪያ መላክ፣ ደንበኛው ከመሄዱ በፊት የሚሄድበትን አገርና ቀን መመዝገብ፣ “ሮሚንግ አስከፍት” ብሎ መንገር፤ ይሄ ዶላር አይጠይቅም። በየከተማችን ለሐጅና ዑምራ ቆጥቡ የሚል ሰሌዳ የሚሰቅሉ ባንኮች እዚህ ላይ ለምን እንደሚሰንፉ አይገባኝም።

ስለ ጥቁር ገበያ በቴሌቪዥን ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የዋጋ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከጠበበ ሰው ወደ ባንክ ይመጣል ይባላል። በከፊል እውነት ነው። በሰው እጅ ልኮ የተበላም በእኛ አካባቢ ሞልቷል፤ ተደውሎለት የጠፋ ደላላ ስንት ቤት እንዳስለቀሰ እናውቃለን። ግን የጨፋዋ ልጅ በእኔ ላይ አንድ ሪያል አላተረፈችም። እኔ ወደሷ የሄድኩት ዋጋ አማርጬ ሳይሆን፣ ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት ስልክ ያነሳችው እሷ ስለሆነች ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ቀርቤ ፈረምኩ፤ ካርዱ በአምስት ደቂቃ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ነው፤ ስለ ስልክ ቁጥሩ የነገርኩትን ጽፎ ያዘና “ለሚመለከተው ክፍል አሳውቃለሁ” አለኝ። ባለፈው ሳምንት የካርዱ ጊዜ ስላለፈ አዲስ ሰጡኝ። እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሜ ገለበጥኩት። አራት አሃዝ ነው።