ኀምሳ ኩንታል

ባለፈው የክረምት ዕረፍት መካነ ሰላም በገባሁ በሦስተኛው ቀን አጎቴ አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር አምጥቶ ከፊቴ አኖረና፥ «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ሒሳቡን ሥራልኝ። መሸጥ ነው ወይስ መያዝ?» አለኝ። ሊሸጣት ያሰበው ኢፋዋን ነው። አንድ የብረት ነጋዴ ከደሴ መጥቶ እንደ መኪና ሳይሆን እንደ ቍርጥራጭ ብረት፥ በኪሎ፥ ሊገዛት ዋጋ ሰጥቶ ነበር። መልሱን የሚፈልገው እስከ መስቀል ነው።

ከእናንተ መካከል ኢፋን የማያውቅ ቢኖር ጥቂት ልንገረው። ኢፋ በቀድሞይቱ ምሥራቅ ጀርመን፥ ከበርሊን በስተ ደቡብ በምትገኘው በሉድቪግስፌልደ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1965 እስከ 1990 የተሠራች፥ በናፍጣ የምትሄድ ካሚዮን ናት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሯ 125 የፈረስ ጕልበት አለው። ወደ ፊት የሚወስዱ አምስት ማርሾች አሏት፤ ለጦር ሠራዊት የተሠራችውም ዐይነት በአራቱም እግሯ ትስባለች። የፋብሪካ ስሟ «ቬ 50» ነው፤ ቬው ንድፏ የተጀመረባትን የቬርዳውን ከተማ ያመለክታል፥ 50ው ግን የጭነቷ ልክ ነው። ይኸውም አምስት ቶን፥ ማለት ኀምሳ ኩንታል ነው። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ከት ብሎ ሣቀ፤ ሰባ ሲጭንባት ኖሯልና።

እንዴት ወደ አገራችን እንደ መጣች ደግሞ ታሪኩ ከቡና ጋራ የተያያዘ ነው። በ1969 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ንሮ ምሥራቅ ጀርመኖች ለሚጠጡት ቡና የሚከፍሉት የውጭ ገንዘብ አጠራቸው። ደርግ በበኩሉ ጦርነት በየአቅጣጫው ስለ ገጠመው መሣሪያና ካሚዮን ይሻ ነበር። በዚያው ዓመት ቬርነር ላምበርዝ የሚባለው የገዥው ፓርቲያቸው ሹም አዲስ አበባ መጥቶ ተዋዋለ፤ ቡናው ሄደ፥ መሣሪያውና ኢፋው መጣ። አጎቴም ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ወታደር ሆነ፤ መንዳትንም የተማረ በኢፋ ላይ ነው።

1983 ዓ.ም. ለዚህች ካሚዮን ክፉ ዓመት ነበር። በመስከረም የሠራቻት አገር ከምዕራብ ጀርመን ጋራ ተዋሕዳ ከካርታ ላይ ጠፋች። በታኅሣሥ ፋብሪካው የመጨረሻይቱን ኢፋ አውጥቶ መሥራቱን አቆመ። በግንቦት ያስመጣት መንግሥት ወደቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ እናትም አባትም አሳዳጊም ሞቱባት ማለት ነው። አጎቴም በዚያው ግንቦት ሠራዊቱ ሲበተን የሚነዳትን ኢፋ መንገድ ዳር ትቶ፥ በእግሩ ተጕዞ አገሩ ገባ። ከዓመታት በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ አንዲት አሮጌ የጦር ሠራዊት ኢፋ ከሐራጅ ገዛ። የወታደር ቀለሟን ፍቆ ሰማያዊ ቀባት። ዛሬም የጋቢናዋ በር ሲከፈት ከማጠፊያው ሥር አረንጓዴው ብቅ ይላል።

ጠዋት ጠዋት እርሷን ማስነሣት ራሱን የቻለ ሥርዐት ነው። ባትሪዋ ስለ ደከመ አጎቴ ማታ የሚያቆማት ቍልቍለት ላይ፥ ከጎማዋ ሥር ታኮ አስገብቶ ነው። ሲነጋ ረዳቱ ታኮውን ይነቅላል፤ እርሷም በራሷ ክብደት ትንደረደራለች። አጎቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አንድ ሁለት ጊዜ ታስልና ጥቍር ጭስ ተፍታ ትነሣለች። የናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም፤ አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ግለት ናፍጣው ራሱ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ አንዴ ከተነሣች ባትሪ አትለምንም። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች በኤሌክትሪክ የሚያስብ አካል የላትምና የታመመችበትን ለማወቅ ጆሮና መፍቻ ይበቃል። ዳሩ ግን የእኛ አገር ደጋ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የምትተነፍሰው ያንሳትና ዳገት ላይ ሰው በእግሩ ይቀድማታል።

በገበያ ቀን ወደ ሳይንት በኩል ካሉት ቀበሌዎች ገብስና በግ ይዛ ትመጣለች፤ ስትመለስ ጨው፥ ቆርቆሮ፥ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ትጭናለች። ክረምት ሲገባ ሚኒባስ የማይደፍረውን ጭቃ እርሷ ትደፍረዋለች። ሙሽራ አድርሳለች፤ አስከሬን መልሳለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. እኔም ለፈተና የወጣሁት በእርሷ ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው። ነገር ግን ጓደኞቼ እንዳያዩኝ ከከተማው መግቢያ ላይ ወረድሁና አቧራዬን አራግፌ በእግሬ ገባሁ። ያን ጊዜ በእርሷ አፈርሁ፤ ዛሬ በራሴ አፍራለሁ።

መቼም በዚህ አገር ከባድ ነገር በመንኰራኵር ማንቀሳቀስ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከእኛ በስተ ሰሜን መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ተምራችኋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር የተነሡት በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ወራቱን የፈጀው መንገዱ ነው። መንገድ ስላልነበረ ድንጋይ እየፈነቀሉ፥ የበሽሎን ገደል እየቈረሱ፥ ወታደሩ በገመድ እየጐተተ፥ ንጉሡም ከሠራተኛው ጋራ እጃቸውን እያገቡ ሄዱ። ሰባት ቶን ሰባ ኩንታል ነው፤ አጎቴ በኢፋዋ ላይ ከሚጭነው ጋራ እኩል ነው። እኔን ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ መንገዱ ነው።

ሒሳቡን ሦስት ሌሊት ሠራሁ። በአንድ ገጽ ገቢዋን፥ በሌላው ገጽ ናፍጣውን፥ ጎማውን፥ የባሌስትራ ብየዳውን፥ የረዳቱን ደመወዝ ጻፍሁ። በአጎቴ ደብተር ውስጥ «ከፍሏል» ከሚለው ቃል «ይከፍላል» የሚለው ይበዛል። አንዱ ዘንድ «ገብሱ ሲደርስ» ይላል፤ ሌላው ዘንድ «ታማሚ ነበረች፥ ይቅር» ይላል። ደምሬ ስጨርስ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ኢፋዋ አጎቴን በየወሩ ትበላዋለች። ተሸጣ ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ይህን ልነግረው ስል፥ «ነገ ገበያ ነው፤ አብረኸኝ ውለህ ትነግረኛለህ» አለኝ።

በማግሥቱ ከገበያ ስንመለስ ከሲሚንቶው በላይ ሃያ የሚያህል ሰው ተጭኖ ነበር። እኔ ጋቢና ነበርሁ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሳሙና ሆኗል። ቍልቍለቱ መካከል አጎቴ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፥ ቀጥሎም ወደ አንደኛ መለሰው፤ ሞተሩም እያጓራ ያዛት፤ ጨርሶ ግን አላቆማትም። ከእኔ በአራት ዓመት የሚያንሰው ረዳት ታኮውን ታቅፎ ዘለለ። ከጎማው ጋራ እየሮጠ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ጣለው፤ ሁለት ጊዜ ጎማው ተፋው፤ በሦስተኛው ያዘ። ቆምን። ከላይ አንዱ «አልሐምዱ ሊላህ» ይላል፥ አንዱ «እመቤቴ» ይላል። ወርጄ ባይ ከፊት ጎማው እስከ ገደሉ ጫፍ ሁለት ክንድ አይሞላም። የፍሬኑ ቱቦ ከእርጅና ብዛት ተቀዶ ዘይቱ ፈስሶ አልቋል።

የሚቈጣ ሰው ጠበቅሁ፤ አልተገኘም። ይልቁንም አንዲት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት በረዳቱ ትከሻ ተደግፈው ወረዱና ወደ እኔ መጥተው፥ «ልጄ፥ ልትሸጧት ነው ይላሉ፥ እውነት ነው?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። «እንጃ፥ እማማ» አልሁ። «ታዲያ እኛ በምን እንወጣለን?» አሉ። ከሞት ከተረፉ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር።

ያን ሌሊት ሒሳቤ አንድ ገጽ እንደ ጐደለው ተረዳሁ። ያ የጐደለው ገጽ ደግሞ ከሁለቱም በኩል የሚጻፍ ነው፤ ብትሸጥ በሽተኛ በቃሬዛ ይወጣል፥ ባትሸጥ አንድ ቀን ሃያ ሰው ገደል ይገባል። ለአጎቴ እንዲህ አልሁት፤ «ወይ ሽጣት፥ ወይ ፍሬኗ ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ከቆመችበት አትንቀሳቀስ። ከታደሰም በኋላ ኀምሳ ኩንታል እንጂ ሰባ አትጫን፤ ከጭነቱም በላይ ሰው አይውጣ።»

«አልጭንም ብል ሰዉ እሺ የሚል ይመስልሃል?» አለ።

«እሺ አይልም። አንተ ግን እንቢ በል» አልሁት።

ብዙ ዝም አለና፥ «እኔ ወታደር ነበርሁ፤ እንቢ ማለት አልተማርሁም» አለኝ። ቢሆንም ጠዋት ተነሥቶ ታኮውን ከአራቱም ጎማዎቿ ሥር አስገባ። የተቀደደውንም ቱቦ ለናሙና እንዲሆነኝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ነጋዴውን፥ «ዘንድሮን ታገሠኝ» ብሎ መለሰው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ኢፋን እንደ ጀግና አወድሱልኝ ማለቴ አይደለም። እርሷ የምትሠራው እኛ ባልሠራነው መንገድና ባላስመጣነው አምቡላንስ ምትክ ነው። ከእናንተ መካከል ወደ ፊት መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስና በጀት የሚቈርጥ ሹም ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለት ገጽ ብቻ ይዞ እንዳይደምር እለምነዋለሁ።

እስከዚያው ግን ኢፋዋ ቆማለች። እርሷ በመቆሟ እኒያ እናት ወደ ገበያ በምን እንደሚወጡ አላውቅም፤ ሌሊት ሌሊት ይህ ያስጨንቀኛል። ቱቦውን መርካቶ ሶማሌ ተራ ብዙ ዞሬ አግኝቼዋለሁ፤ አሁን የቀሩኝ ሁለት የኋላ ፍሬን ሲሊንደሮች ናቸው። ከአንባቢዎች መካከል አሮጌ ኢፋ በግቢው የቆመችበት ዘመድ ያለው ቢኖር በዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል በኩል ይንገረኝ። ዋጋውን አልከራከርም።