ሁለት ፊት በአንድ ችሎት

በመርካቶ ውስጥ የበርበሬ ተራና የሳጥን ተራ ስም የሚሸጠውን ዕቃ ይናገራል፤ የዱባይ ተራ ስም ግን የሚናገረው ዕቃው ከየት እንደ መጣ ነው። በዚህ ተራ በተሰቀሉት የልጆች ሸሚዞችና የትምህርት ቤት ቦርሳዎች ላይ የአሜሪካ የሥዕል ታሪኮች ጀግኖችና እኩያን ታትመው ይታያሉ። ልጅ ሥዕሉን ይመርጣል፤ አባት በዋጋው ይከራከራል። «ከየት መጣ?» ተብሎ የሚጠየቀው ስለ ቦርሳው እንጂ በላዩ ስለ ታተመው ፊት አይደለም።

ቢጠየቅ ግን ከእነዚህ ፊቶች አንዱ ከፍርድ ቤት የወጣ ሆኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. ቢል ፊንገርና ቦብ ኬን በባትማን ታሪክ ውስጥ ያስገቡት ባለ ሁለት ፊቱ ሰው አስቀድሞ መልከ መልካምና ቀና ዐቃቤ ሕግ ነበር። ሞሮኒ የተባለውን የወንበዴዎች አለቃ በችሎት ሲሞግት፣ በሁለቱም ገጽ አንድ መልክ የተቀረጸባትን የብር ዶላር በኤግዚቢትነት ያቀርባል። ወንበዴው አሲድ ይደፋበትና የፊቱ እኩሌታ ይቃጠላል። ከዚያ ወዲያ ዐቃቤ ሕጉ የሳንቲሟን አንድ ገጽ ጭሮ ያበላሻል፤ ወደ ላይ እየወረወረም መልካም ወይም ክፉ መሥራቱን በእርሷ ያስወስናል። ማስረጃ የነበረችው ዳኛ ሆነች።

ይህ አወላለድ የችሎት ልብ ወለድ ዘመድ ነው። ጠበቃው ኧርል ስታንሊ ጋርድነር የመጀመሪያውን የፔሪ ሜሰን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ፣ በ1933 ነበር። የችሎት ታሪክ አንባቢውን በዳኛ ወንበር ያስቀምጠዋል፤ ድርጊቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንዲመረምር ያስገድደዋል። እኩዩ ገጸ ባሕርይም እንዲህ መዝገብ ተከፍቶለት ሲቀርብ ከተራ አስፈራሪነት ወደ ሰውነት ይጠጋል።

ችሎት ተውኔት መሆኑን የእኛም አባቶች ያውቁት ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋቹ በቅኔና በምሳሌ ይረታ፣ በማርና በበቅሎ ይወራረድ ነበር። በቁራኛ ሥርዓትም ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። የሥዕል ታሪኩ ይህን የመሰለ ቋጠሮ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ አኖረው፤ ከሳሹም ተከሳሹም እርሱ ራሱ ነው። ልዩነቱ፣ የነጠላውን ቋጠሮ የሚፈታ ዳኛ መኖሩ ነበር፤ ባለ ሁለት ፊቱ ያለው ግን ሳንቲም ብቻ ነው።

ፍርድ ተጓደለብኝ ብሎ ጫካ የገባ ሽፍታ ታሪክም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ሰሚው አስቀድሞ «ምን በድለውት ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የፍርድ መጓደል ሽፍታ እንደሚወልድ ያሳያልና። ሆኖም በመንገድ ላይ የተዘረፈው ነጋዴ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማንን ለመመገብ ይሄድ እንደ ነበር የሚጠይቅ አይገኝም። ለበዳዩ የተጻፈ የትውልድ ታሪክ፣ የተበዳዩ ቃል ካልተሰማበት፣ የመከላከያ ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ጸሐፌ ተውኔት ከችሎት የሚማረው ሁለቱን ወገን መስማት ነው። ለእኩዩ ምክንያቱን ይስጠው፤ ለተበዳዩም የምስክር ቦታውን አይንፈገው። ምክንያትን ማወቅ ፍርድን ያቀናል፤ ፍርድን ግን አይተካም።