ወስፋቴ ጮኸ

ስንራብ "ወስፋቴ ጮኸ" እንላለን። ምግብ ሲያስጠላን ደግሞ "ወስፋቴ ተቆለፈ"። ሆዱ ውስጥ ያለውን ትል እንደ ቤተሰብ ቆጥሮ ረሃቡን ሁሉ በእሱ የሚያሳብብ ሕዝብ ነን። አንበሳሜ ላደገ ሰው ይሄ አነጋገር ብቻ አልነበረም። ክረምት ላይ ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን የዘመድ ሩዝ ስናርም እግራችን ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይውላል። ከውሃው ቢልሃርዚያ፣ ከእርጥቡ አፈር የመንጠቆ ትል፤ ሁለቱም ቆዳን በስተው ነው የሚገቡት። ጫማ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ነበር የሚወጣው።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ተወለደ። ሰባት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። እናቴ ስልክ ላይ ደረቱ ሲር ሲር ሲል ሰምታ "እናንተ አፈር እየበላችሁ አደጋችሁ፤ አንዳችሁም እንዲህ አላላችሁም። እሱን ምን አገኘው?" አለች።

ሳቅኩ። በኋላ ሳነብ ግን የእናቴን ጥያቄ ጅማ ላይ ሌሎችም ጠይቀውት አገኘሁ። በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ገጠር ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ተጠየቀ፤ አስም በከተማው በዛ፣ በገጠሩ አነሰ። በዚያው አቆጣጠር በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ሰገራ መረመረ። ብዙ የመንጠቆ ትል የተሸከሙት ሰዎች ደረታቸው ሲር ሲር የማለት ዕድሉ ዝቅ ያለ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ትልን የሚዋጋበትና አቧራ ላይ የሚቆጣበት መሣሪያ አንድ ነው፤ አይ-ጂ-ኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካልና ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች። ትሉ ደግሞ ዓመታት መኖር ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጣ አብራጅ ሴሎችን ያበዛል፣ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለውን ማርገቢያ ያስረጫል። የቤቱን ውሻ እያጎረሰ ያላመደ ሌባ በሉት። የለመደው ውሻ በመንገደኛም ላይ አይጮህም። ጋቦን ውስጥ ትል የነበረባቸው ተማሪዎች ተደጋግመው ሲታከሙ ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ የሚያሳየው ቁጣ ጨምሯል። ሌባው ሲባረር ውሻው ነቃ።

እዚህ ላይ "ድሮስ ደህና ነበርን" ማለት የሚያምራችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ሌባው ግን ለእኛ ብሎ አይደለም ውሻውን ያጎረሰው። የመንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል፣ ነፍሰ ጡሯን ያገረጣል። ቢልሃርዚያ ጉበት ያበላሻል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ መራራውን ኮሶ የጠጡት ወደውት አልነበረም።

ትሉን ለአስም ሕክምና ሊሞክሩት የተነሡም አሉ። እንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ፕሪቻርድ የመንጠቆ ትሉ አደገኛ አለመሆኑን ለማየት በገዛ ቆዳው አስገብቶታል! (እኛ በነፃ ያገኘነውን!) ከዚያ 32 የአስም ሕሙማን ተመርጠው ግማሾቹ አሥር አሥር እጭ ተሰጣቸው። ጉዳት አላመጣም፤ አስማቸውን ግን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አላሻለውም። ምናልባት ቁጥሩ አንሶ፣ ምናልባት ዘግይቶ። እኔ በልጅነት የገባና በአርባ ዓመት የገባ ትል አንድ ሥራ ይሠራል ብዬ አላምንም።

ከሁሉ የገረመኝ የቡታጅራው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ1,065 ነፍሰ ጡሮች ተነሥተው ልጆቻቸውን ከልደት ጀምሮ ተከታተሉ፤ የትሉን ነገር አንድ ጊዜ ሊቋጩት። ሕፃናቱ ላይ ግን ትል እምብዛም አልተገኘም። ይልቁንም ፓራሲታሞል አዘውትረው የሚሰጣቸው ልጆች ደረታቸው ሲር ሲር ሲል ተገኘ። ኪኒኑ ይሁን ያስዋጠው ጉንፋን፣ መለየቱ ከባድ ነው። እኔ ግን እህቴ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለው ፓናዶል ትዝ አለኝ። ትሉ ሲወጣ አብሮ የገባው ብዙ ነው፦ ኪኒኑ፣ የስፖንጅ ፍራሹ፣ ተዘግቶ የሚውለው ክፍል።

ባለፈው ክረምት ልጁን ይዤው አንበሳሜ ሄድኩ። ፓፉን ኪሴ፣ ቦቲውን እግሩ ላይ አድርጌ ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ለቀቅኩት። እናቴ አይታኝ "ትሉን ነው አስሙን የምትፈራው?" አለች። መልስ አልነበረኝም። ማታ ስመለስ ቦቲዎቹ ጭቃ ሳይነካቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።