ሻይ «ወደ ታች» ይቀዘቅዛል?

ውድ ተማሪዎች፣ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ሲለወጥ ከግሱ ጀርባ ትንሽ ቃል መለጠፍ ይወዳል። ሻይ ሲበርድ «ኩል ዳውን»፣ ወንዝ ሲደርቅ «ድራይ አፕ»፣ መኪና ሲቆም «ብሬክ ዳውን»፣ ወተት ሲበላሽ «ጎ ኦፍ»። ለዚህ ነው ባለፈው ከእናንተ አንዱ «ሻዩ ወደ ታች ቀዘቀዘ» ያለው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ወደድኩለት፤ «ዳውን»ን የት ላስቀምጣት ብሎ አስቦ ነው እኮ!

በአማርኛ የትም አናስቀምጣትም። ለውጡ ግሱ ውስጥ አለ፤ ቀዘቀዘ፣ ደረቀ። መኪናውም ወተቱም «ተበላሸ» ነው። ምን ያህል እንደተለወጠ ለመናገር ግን «አለ» የምትባል ረዳት አለችን። «ሻዩ ቀዝቀዝ አለ» ካላችሁ ትንሽ በርዷል፣ አሁን ይጠጣል። «ቅዝቅዝ አለ» ካላችሁ ግን እንደገና ይሞቅ! ልዩነቱ ቀ ወደ ቅ መለወጧ ብቻ ነው። በርም እንዲሁ ነው፤ «ከፈት አድርገው» ሲሏችሁ ጥቂት፣ «ክፍት አድርገው» ሲሏችሁ ወለል አድርጋችሁ ነው። (ይቺ «አለ» ላልታ ነው የምትነበበው። «ዳቦ አለ» ስንል ግን ትጠብቃለች።)

ወላጆች፣ ልጁ «ወደ ታች» ሲል አትሳቁበት፤ ትክክለኛውን መልሳችሁ በሉለትና ጨዋታችሁን ቀጥሉ። ሁለት ሦስቴ የተሳቀበት ልጅ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ በአማርኛ ብትጠይቁትም በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስላችሁ።

ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት እንደ «ቀዝቀዝ» ያሉ ሦስት ቃላት ለቅማችሁ ኑ። አያታችሁን በስልክ መጠየቅ ይፈቀዳል።